ማሽን አያስነጥስም

ማስጠንቀቂያው የደረሰው ማክሰኞ ነው። ዘይድ ራሱን ጨምሮ አሥር ሰው ያለበት የኢንተርኔት ጨዋታ ቡድን መሪ ስለሆነ፣ የጨዋታው ባለቤቶች መልእክቱን የላኩት በቀጥታ ለእሱ ነበር።

«ከቡድንህ አንዱ በሰው እጅ አይጫወትም፤ ማሽን ነው የሚጫወትለት። እስከ ዓርብ ምሽት ስሙን ላክልን። አለበለዚያ ቡድኑ ይዘጋል።»

ሁለት ዓመት የለፋበት ቡድን! ድሬዳዋ ድረስ ዘመድ በሞላበት የአባቱ የጨርቅ ንግድ ውስጥ ዘይድን «አለቃ» የሚለው አንድም ሰው የለም። እዚህ ግን ዘጠኝ አሉት።

ቢሆንም አልደነገጠም። ለዚህም አድኦን አለ።

አድኦን ምንድነው ብሎ ዘይድን መጠየቅ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስለሚፈጅ፣ ነገሩን በአጭሩ እዚህ መጨረስ ይሻላል። ጨዋታው ራሱ የሚሰጥህ ባዶ ስክሪን ነው። አድኦን እላዩ ላይ የምትለጥፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ካርታውን ያሰፋል፣ አንዱ የጠላትን ጉልበት በቁጥር ያሳያል፣ አንዱ እሳት ሲመጣ ይጮኻል። ብልህ ተጫዋች ሦስት አራቱን ይመርጣል። ዘይድ ሃያ ሦስት ጭኗል። መርጦ ነው እንዳይባል፣ የተወው የለም።

«እያንዳንዱ ጥቅም አለው» ይላል። እውነቱን ነው። አንዱ ተዋጊውን ከቡድኑ ኋላ ያስኬድለታል። አንዱ የቆሰለ ጓደኛ ሲያይ ፈውስ ይልካል። አንዱ ከእሳቱ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይቆጥባል፤ ዘይድም በተረፈው ጊዜ በማይክራፎን ያስረዳል። በውጊያ መሃል ስለ ስክሪን አደረጃጀት ትምህርት የሚሰጠው ሠራዊት በዓለም ላይ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ ሃያ አራተኛውን ጫነ። የጫነውን ሰው ትቶ የሌላውን ተጫዋች ሁሉ የእጅ ፍጥነት የሚቆጥር ነው። ሰው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ያስነጥሳል። ማሽን አያስነጥስም።

ሐሙስ ውጤቱ ወጣ፤ ፍራኦል! ፍራኦል ዶራሌ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል፤ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር ብቻውን ይኖራል፤ ሲጫወት አንድ ቃል አይወጣውም። ጋሻውን የሚያነሳው በየሠላሳ ሴኮንዱ ነው። ሠላሳ። ሠላሳ። ሠላሳ።

«ወሬ የማያወራ ሰው ምን እየሠራ ነው?» አላት ዘይድ እህቱን ሂንድን። «ተኝቷላ! ማሽኑ ይጫወትለታል!»

«ወይ ደግሞ ሌላው ሲያወራ እያዳመጠ ይሆናል።»

«አንቺ ስለ አድኦን ምን ታውቂያለሽ?»

«ሁሉንም። እራት ላይ ሌላ ወሬ መቼ ሰምተን!»

ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ቡድኑ ዘንዶውን ይገጥማል። ዕቅዱ ያኔ ፍራኦልን ቤቱ ድረስ ሄዶ ከነእንቅልፉ መያዝ ነው። የዘይድን ቦታ ሂንድ ትይዛለች። እሱ ትእዛዙን በስልክ ይሰጣል፤ ዘንዶው በየትኛው ደቂቃ ምን እንደሚያደርግ በቃሉ ያውቀዋል።

«ተዋጊዬን የዘንዶው ዋሻ በር ላይ አቁሜልሻለሁ። ግራ እጅሽን እዚህ፣ ቀኝ እጅሽን…»

«ሂድ ዘይዶ፣ ገባኝ! ጫማዬን ላውልቅና እቀመጣለሁ።»

ከሰፈሩ ከሆዳን የተሳፈረበት ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ውጊያውን መራ።

«እሳት! እሳት! ወደ ግራ ሽሹ!»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ ዞሮ፣ «ዋርያ፣ አንተ ልጅ! የት ነው እሳቱ?» አለ።

«ጨዋታ ነው» አለ ዘይድ። ከዚያም ሰው ስለጠየቀው ደስ ብሎት ቀጠለ፤ «አየህ፣ አድኦን የሚባል ነገር አለ…»

ከጎኑ የተቀመጡት እናት መውረጃቸው ሳይደርስ ወረዱ።

በስልኩ የልጆቹ ሆታ ይሰማዋል፤ እያሸነፉ ነው። የፍራኦል ድምፅ የለም። የሂንድም የለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ዘግታ እየሠራች ነው ማለት ነው።

የፍራኦል በር ገርበብ ብሏል። ዘይድ የስልኩን ካሜራ ደግኖ ዘው አለ።

ፍራኦል አልተኛም። በካናቴራ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሯል። ስክሪኑ ላይ አንድም አድኦን የለም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ» አለና ጋሻውን አነሳ። «አንድ፣ ሁለት…»

«ትቆጥራለህ እንዴ?»

«ሳይቆጥሩ ክሬን ይነዳል? ዝም በል፣ ታሳስተኛለህ… ስድስት፣ ሰባት…»

ዘንዶው ወደቀ። በስልኩም በክፍሉም ጩኸት ሆነ። ፍራኦል ብድግ ብሎ ዘይድን ሊያቅፈው ሲል ቆም አለ።

«አለቃ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? አሁን ሦስቴ ከሞት ያወጣኸኝ አንተ አይደለህም?» ጣቱን ቀሰረ። የዘይድ ተዋጊ ከዘንዶው ሬሳ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጭረት እንኳ አልነካውም።

«እህቴ ናት» አለ ዘይድ ደረቱን ነፍቶ። «አንድ ቀን ነው ያስረዳኋት። አንድ ቀን!»

«ጎበዝ ናት። ልክ እንዳንተ ነው የምትጫወተው፤ ምንም አልተለየብኝም።»

ዘይድ ፍራኦልን በልቡ ይቅር አለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚላከው ስም እንግዲህ ከቀሩት ስምንቱ የአንዱ ነው። በማን እንደሚጀምር ሲያስብ ስልኩ ጮኸ፤ የሂንድ መልእክት ነው።

«ዘይዶ፣ አትቆጣኝ። ገና እንደወጣህ እማዬ ገበያ ላከችኝ፤ ኮምፒውተርህን በእጄም አልነካሁት። በእኔ ምክንያት ተሸነፋችሁ እንዴ?»