ወደ ሰንበቴ የሚሄደው ብስኩት

ሰሀር ከሚሴ ውስጥ ለሠርግና ለዒድ ብስኩት እየጋገረች ትተዳደራለች። ብስኩቱን ማንም ይጋግረዋል፤ እሷን የሚፈልጓት ከላዩ ለሚቀባው ነጭ የስኳር ቅብ ነው። ስኳሩን ወቅጣ በስስ ሻሽ ትነፋዋለች። የእንቁላሉን ነጭ ጠብታ አስኳል ሳይነካው ትለየዋለች። ከዚያ ሎሚ ጠብ አድርጋ ክንዷ እስኪዝል ትመታዋለች። ማንኪያውን ስታነሳው ቅቡ ጫፉ ሳይወድቅ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደርሷል ማለት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተበላሽቶባት አያውቅም።

በዚያ ሳምንት ግን ተበላሸ። ያውም በራሷ ብስኩት።

ባሏ በድሩ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ታላቅ እህቷ ሙሚና ሰንበቴ ከተባለችው ከተማ ሌላ ባል አግኝታላታለች፤ ኸይረዲን የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት የከብት ነጋዴ። የኸይረዲን ቤት ሴቶች «የእጇን እንቅመስ» ብለው አርባ ብስኩት ጠይቀዋል። ሐሙስ የኸይረዲን አጎት መጥተው ብስኩቱን ይወስዳሉ፤ የኒካሁንም ቀን ይቆርጣሉ።

ሰሀር ስትጠየቅ «እሺ» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ «ቆዩኝ» ስትል ኖራ ነበር። ሙሚና ግን ጠዋትም ማታም መመላለሱን አልተወችም። እሺ ያለች ቀን ሰሀር ቶሎ ተኛች።

አብረዋት የሚኖሩት የበድሩ እናት ናቸው፤ አሻ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው በር ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው ይውላሉ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ሰሀር ብታገባ እሳቸው የት እንደሚወድቁ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ቅቡ ቀጠነ። ከብስኩቱ ላይ እየፈሰሰ ትሪው ላይ ኩሬ ሠራ።

«ሙቀቱ ነው» አለች ሙሚና። «ነገ በጠዋት ጀምሪው።»

ማክሰኞ በጠዋት ተጀመረ። ሙሚና ስትመጣ ብስኩቶቹ አምረው ተደርድረዋል። አንዱን አንስታ ገመጠችና መልሳ ተፋችው።

«ጨው! ማነው እዚህ የገባው?»

«ማንም አልገባም» አለች ሰሀር። «እኔና እማ ብቻ ነን።»

ሙሚና ዞር ብላ መደቡን አየችው። አሻ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ መንገዱን ይመለከታሉ።

ረቡዕ ሙሚና ራሷ መጥታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠች። ሰሀር ቀኝ እጇ ሲዝል በግራ እጇ እየመታች እንደገና ሠራችው። ቅቡ ቆመ፤ ነጭና ወፍራም ሆነ። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ሙሚና የዐስርን ሰላት ልትሰግድ ጓዳ ገባች።

ሰግዳ ስትወጣ ቅቡ ላይ ዘይት ተኝቶበታል። ሰሀር ወጥ ቤት የለችም፤ ደጅ ቧንቧው ጋ ጀሪካን ትሞላለች። አሻ ግን ከመደባቸው ተነስተው ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«እትዬ አሻ፣ ምን አደረጉ?»

የአሮጊቷ ዓይን ደጅ ነበር። ሰሀር ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን አልዘጋችም።

«እኮ ማን አፈሰሰው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አሻ።

«ጨውስ?»

«እሱም እኔ።»

«ወላሂ ይበሉ!»

«ለስኳር ብዬ ወላሂ አልልም። እኔ ነኝ አልኩሽ፤ ምን ቀረሽ?»

ሙሚና ወደ አሮጊቷ ተጠጋች። «አራት ዓመት አጥባ፣ አጉርሳ ጦረችዎት። ልጅዎን አፈር በላው፤ እሷንም ከእሱ ጋር ሊቀብሯት ነው?»

ሰሀር ቧንቧውን ዘጋች። መሬት መሬት እያየች ቆመች። አሻ በግድግዳው እየተደገፉ ወደ መደባቸው ተመለሱ።

ሐሙስ አጎትየው አብዱልፈታህ ባዶ ካርቶን ይዘው መጡ። ሙሚና «ታማ ነው፣ ለሌላ ሳምንት» ልትል ተዘጋጅታለች። አሻ ቀደሟት።

«አካም ጅርቱ፣ አብዱልፈታህ» አሉ በኦሮምኛ ሰላም ብለው። «ጠጋ በል እስኪ።»

ሰውየው መደቡ ዳር ተቀመጡ።

«ብስኩቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጅቷን ብትወስዷት አልከለክላችሁም። ዱዓዬ ግን አብሯት አይሄድም።»

አብዱልፈታህ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«በድሩን አውቀው ነበር፤ አላህ ይርሐመው» አሉ። «የእናቱን ሆድ አስከፍተን ኒካህ አናስርም። አላህ ለሁላችንም ኸይሩን ያምጣው።» ካርቶኑን እንደያዙ ወጡ።

ሙሚና ነጠላዋን ለበሰች። በሩ ላይ ደርሳ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች፦ «የእህቴን ዕድሜ የበላች አሮጊት! ሁለተኛ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም!»

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መንገዱን ዞረ። ከሰዓት በኋላ ወተት የምታመጣላቸው ጎረቤታቸው ኢክላስ ሰላም ሳትላቸው አለፈች። ሁለት ሴቶች ቆመው እያዩዋቸው አንሾካሾኩ። አሻ ራሳቸውን አዘነበሉ እንጂ ወደ ቤት አልገቡም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰሀር ወጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እንደየቀኑ ጉልበታቸውን በቅባት ታሽላቸው ጀመር። አሻ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ የሚቀጥለውን ጠያቂ እንኳ በአፍሽ እምቢ በይው፤ አንቺ ባፈሰስሽው ዘይት ሁልጊዜ እኔ ነኝ እያልኩ አልዘልቅም።»