ችግኝ ማየት

ሽማግሌዎቹ "ልጃችሁን ለልጃችን" ካሉ በኋላ እንደ ዘመኑ ወግ የጉበት ችግኜን ለማየት ጠየቁ። ሰው ሲወለድ ከጉበቱ ትንሽ ሴል ተወስዶ ይቀዘቅዛል፤ ጉበቱ ሲበላሽ ያ ችግኝ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቅላል። አባቴ የራሱን ጉበትም ችግኝም በአረቄ ስለጨረሰ አምና የእኔን አበቀልንለት።

"አለ፣ አለ" አለ አባቴ አንገቱን እንደደፋ። እናቴ ከትናንት ወዲያ ችግኜ የነበረበትን ባዶ ብልቃጥ ውሃ ሞልታ አቀዝቅዛዋለች።

ማቀዝቀዣውን ከፈትኩት። ጋሽ ደምሰው፣ የሚያገባኝ ልጅ አጎት፣ መነጽራቸውን አድርገው ብልቃጡን ሲያዩ ቆዩ። ቆሜ ስጠብቅ እግሬም ደከመኝ፣ ውሸቱም ሰለቸኝ።

"ውሃ ነው፣ ጋሼ። የእኔ ችግኝ አባቴ ሆድ ውስጥ ነው።"

"አንቺ ልጅ!" አለች እናቴ።

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አወለቁ። ክዳኑን ራሳቸው ቀስ ብለው ዘጉት።

"የእኛም ልጅ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ውሃ ነው" አሉ። "የእሱ ችግኝ እናቱን አተረፈ። ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ።"

 ወደ ወንበራቸው ተመልሰው በረጅሙ ተነፈሱ።

"በሉ፣ ቀን እንቁረጥ። ለሠርጉ ግን አረቄ የሚባል ነገር እንዳይወጣ።"

አባቴ ያን ጊዜ ቀና አለ።