ቡፌው ስር የገባው ዳይስ

«ቁማር?! በኢየሱስ ስም! በገዛ ቤቴ ቁማር?!»

እትዬ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በአንድ እጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ...

ከጸሎት ፕሮግራም እንዲህ በጊዜ ይመለሳሉ ብሎ ማን ጠረጠረ?

ወጋየሁ ዳይሱን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ።

ቆይ፣ ነገሩን ላስረዳችሁ።

ቢፍቱ የእትዬ ጫልቱ ልጅ ናት። ወጋየሁ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። እኔ ሚኪ የሁለቱም ጓደኛ ነኝ፤ ሦስታችንም ሳሎን ቁጭ ብለን እየተጫወትን ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው። በማግስቱ እሁድ የወጋየሁ ሽማግሌዎች እዚሁ መካኒሳ፣ እዚሁ ሳሎን መጥተው ሊጠይቋት ቀጠሮ ተይዟል።

እና እጩ ሙሽራው በዋዜማው ዳይስ ጨብጦ ተያዘ!

ኧረ ጉድ ነው...

«እትዬ፣ ቁማር አይደለም» አልኩ። «የተረት ጨዋታ ነው። እኔ ታሪኩን እመራለሁ፣ እነሱ ገጸ ባህሪ ሆነው ይጫወታሉ። ገንዘብ የሚባል ነገር የለበትም።»

«ታዲያ ዳይሱ ምን ይሠራል?»

«አሁን ለምሳሌ ወጋየሁ በታሪኩ ውስጥ ቤተ መንግሥት በር ላይ ደርሷል። በረኛውን አሳምኖ መግባት አለበት። ወይ ገጸ ባህሪውን ሆኖ ይናገራል... ወይ ዳይስ ይወረውራል። ዳይሱ ሃያ ፊት አለው። ከአሥራ አምስት በላይ ከመጣለት፣ ጥሩ ተናግሯል ብለን እናሳልፈዋለን።»

«ለማሳመን ዳይስ? አፍ የለውም?»

እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ።

እኔ ግን መች ዝም ማለት አውቃለሁ!

«እኔም ሁሌ የምለው ይሄንኑ ነው! ጨዋታው ትወና ነው እንጂ ሎተሪ አይደለም። እሱ ግን መናገር ሲመጣ ዳይስ ይወረውራል።»

ቢፍቱ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

ምክንያቱም ወጋየሁ ይንተባተባል። ከልጅነቱ ጀምሮ። ሲደነግጥ ደግሞ ይብስበታል። ይሄን እያወቅሁ ነው ሁሌ «በአፍህ ተናገር» የምለው...

አዎ፣ ስደቡኝ። ይገባኛል።

እትዬ ጫልቱ ፌስታሉን አስቀምጠው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«እሺ፣ በረኛዋ እኔ ነኝ። ምን ፈልገህ መጣህ?»

«እ... እ... እኔ የ... የመ...»

አልወጣለትም። ላብ በላብ ሆነ።

እንደልማዴ «የመጣሁት...» ብዬ ልጨርስለት ስል፣

«ሚኪ! ዝም በል! እሱን ነው የጠየቅሁት» አሉኝ እትዬ።

ጠበቁት... ጠበቁት... ወጋየሁ አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው ወርውር» አሉ እትዬ። «በሕጋችሁ ካለፍክ በሩን እከፍትልሃለሁ። ከወደቅክ ግን ነገም እንደተዘጋ ነው።»

ነገም!!

«እማ!» ብላ ጮኸች ቢፍቱ።

«ምን እማ ትይኛለሽ? ራሳችሁ ያወጣችሁት ሕግ ነው።»

ወጋየሁ ወረወረ። ዳይሱ ከጠረጴዛው ወድቆ፣ ተንከባሎ... ቡፌው ስር ገባ።

የስልኩን መብራት አብርቶ በሆዱ ተኛ። ቁጥሩን ከሱ በቀር ማንም አያየውም።

ሃያ ቢል ማን ይከራከረዋል?

እኔ በልቤ «ሃያ በል... ሃያ በል...» እያልኩ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ብሆን ሃያ አንድ እል ነበር!

ከዛ እዚያው እንደተኛ...

«ሦ... ሦ... ሦስት» አለ። «ወ... ወደቅሁ።»

ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። ጃኬቱን ሲያነሳ እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቷል። ቢፍቱማ ቀድማው እያለቀሰች ነው።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ጫልቱ።

«በ... በሩ ተ... ተዘግቷል።»

«ና ቁጭ በል ወዲህ! ልጄን በዳይስ የምድር መሰለህ እንዴ?»

ወጋየሁ ጃኬቱን እንደያዘ መጥቶ ተቀመጠ።

«ቁማርተኛ ብትሆን ኖሮ ሃያ ነበር የምትለኝ። ማን ሊያይብህ? እኔ ከልጄ ባል አፍ አልፈልግም... ቃል ነው የምፈልገው።»

ከዛ ወደኔ ዞሩ። ወይ ጉዴ!

«አንተ ምላሰ ረጅም! ራስህ ተናገር፣ ራስህ ተናገር ትለዋለህ... ሽማግሌ የሚላከው ለምን ይመስልሃል? ሁሉም በገዛ አፉ ይጠይቅ ቢባል ስንቱ ደህና ልጅ ቆሞ ይቀር ነበር!»

ልክ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ጨዋታ ስመራ ያልገባኝን፣ እሳቸው በአሥር ደቂቃ ገባቸው። ለወጋየሁ ዳይሱ ሽማግሌው ኖሯል።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፣ አቶ መኩሪያ ከፊት። ወጉ መቼም «እስቲ እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት ነው። አቶ መኩሪያም ከላፍቶ ጀምሮ ታክሲ ውስጥ ሲለማመዱት የመጡትን ንግግር ገና «እኛ ዛሬ እዚህ ቤት የመጣነው...» ብለው ሲጀምሩ፣ እትዬ ጫልቱ አቋረጧቸው።

«ቁጭ በሉ። ልጁ ትናንት ጨርሶታል።»

አቶ መኩሪያ ግራ ገባቸው። «ወጋየሁ? እሱ ራሱ ተናግሮ?»

«ሁለት ቃል። ይበቃል።»

ወዳጆቼ... አፉ የተፈታ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። የሚንተባተብም የሚለው አጥቶ አይደለም። ሰው በሚችለው መንገድ ሲናገር «እንደኔ ካልተናገርክ» አትበሉት፤ እኔ ብዬ አፍሬያለሁ።

እስቲ እናንተስ... ማንም በማያይበት ቦታ እውነቱን ተናግራችሁ ያተረፋችሁት ወይ የከሰራችሁት ነገር አለ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ግን እንዳትዋሹ እሺ 😄