ለሉተር ፕራት አላጨበጭብም

«ተነሺ እንጂ እማዬ! ሰው ሁሉ ቆሟል» ትለኛለች ልጄ ሮንዳ፣ ብብቴ ስር እጇን ከትታ ወደ ላይ እየጎተተችኝ።

«ለማን ብዬ ነው የምነሳው?»

«ለሉተር ነዋ! ከሬስሊንግ የሚሰናበትበት ቀን ነው። ጉልበቱም ልቡም አልቆለታል እያሉ ነው።»

«የራሱ ጉዳይ። ሠላሳ አምስት ዓመት እዚች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሰድቤዋለሁ። ዛሬ ላጨብጭብለት?»

ትታኝ ታጨበጭባለች። ይህ የከብት ትርኢት አዳራሽ በቅዳሜ ከሰዓት እንዲህ ሞልቶ አላየሁም። ሉተር ፕራት ያንን ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ በሰጋቱራው ላይ እያነከሰ ወደ ሪንጉ ይሄዳል። ሕዝቡ «እናመሰግናለን! እናመሰግናለን!» ይለዋል። ይሄ እኮ የሰው ዓይን ውስጥ ጨው የሚበትን፣ ዳኛው ዞር ሲልለት ወንበር የሚያነሳ፣ እናቶቻችንን በማይክሮፎን የሚሰድብ ሰው ነው። ድሮ የመኪናውን አራት ጎማ ቀድደን በእግሩ ሸኝተነዋል። ያኔ ተመልካችም ተመልካች ነበር።

ሬስሊንግ ውሸት ነው ይሉኛል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው እንደሚማከሩ አውቃለሁ፤ ጅል አይደለሁም። ጥላቻዬ ግን የራሴ ነው፤ እሱን ማንም አልተማከረበትም።

ባለ ቀይ ፂሙ ባሌ ሃርላንና እኔ በዚህ ነገር ተስማምተን አናውቅም። እሱ አንደኛ የሚለው አንድ ጭንብል ለባሽ ነበረው። እኔ ፊቱን የሸፈነ ተፋላሚ አልወድም፤ ፊቱ ካልታየ መታመሙ በምን ይታወቃል? ከገመድ ላይ እየተገለበጡ የሚዘሉትንማ ከነጭራሹ አልቆጥራቸውም፤ ሰርከስ ይግቡ። ለእኔ አንደኛው ቀዩ ቻርሊ ሞስ ነው፤ ቀስ ብሎ ይዞ ቀስ ብሎ የሚያደቅ። ሃርላን ግን «ያ አሳማ» ይለው ነበር፤ እራት ላይ ሳህን እስክንገፋፋ እንጣላለን። የተስማማነው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። ሉተርን እኩል እንጠላው ነበር። ከዚህ የተሻለ ትዳር ካለ አላየሁም።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሉተር ከሪንጉ ወርዶ የሃርላንን ነጭ ኮፍያ ከራሱ ላይ መነጨቀና በጫማው ረገጠው። ሃርላን ቡጢውን ጨብጦ ሲነሳ ሁለት ፖሊሶች ያዙት። ከዚያ ወዲህ ያንን ኮፍያ ውሃ አላስነካውም። ቤታችን ለመጣ ሁሉ «ይሄ የሉተር ፕራት ተረከዝ ነው» እያለ ያሳይ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ሲሞት ሮንዳ ለቀብሩ ብላ ኮፍያውን አጠበችው። ደግ የሠራች መስሏት። ዛሬ እኔ አድርጌዋለሁ፤ እንደ ሆስፒታል አንሶላ ነጥቷል፤ ልጄንም እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

ሉተር ማይክሮፎኑን ይይዛል። «ወገኖቼ...» ይላል፤ እንባው ይወርዳል። «ልቤ ውስጥ... ሁልጊዜም እወዳችሁ ነበር...»

እንባውን ሳይ እነሳለሁ።

«ዝጋ! አንተ ሸረኛ! አሁን ነው የወደድከን? አልቃሻ! ዓይንህን ላፈር ያርገው!»

«እማዬ፣ በእግዚአብሔር፣ አታዋርጂኝ!» ትላለች ሮንዳ። ከኋላችን የሉተር ፎቶ ያለበት ካናቴራ የለበሰ አንድ ወፍራም «ይቺን አሮጊት አስወጡልን!» ይላል።

«አንተ ደግሞ መጀመሪያ ካናቴራህ ላይ የተንጠለጠለውን የዋጋ ወረቀት ቁረጥ» እለዋለሁ።

ሉተር ያየኛል። እንባውን በካፖርቱ እጅጌ ይጠርግና በገመዶቹ መሃል አንድ እግሩን፣ ቆይቶ ሌላውን ያወጣል። ከፊታችን ወዳለው የአጥር ብረት ይመጣል። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ኮፍያዬን፣ በመጨረሻ ሰው እንዳይቀመጥበት ቦርሳዬን ያኖርኩበትን ወንበር ያያል። ማይክሮፎኑን ዝቅ ያደርጋል።

«ያ ቀይ ፂም ሰውዬሽ የታለ?»

«ሞተ።»

አገጩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

«ዋ!» እላለሁ ጥርሴን ነክሼ። «ብታዝንልኝ እተፋብሃለሁ።»

ያ የማውቀው የተረገመ ፊት ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ኋላ ቅንድቡ። ማይክሮፎኑን ያነሳል።

«ስሙ እናንተ ጭቃ ላሾች! የዚች ሴት ባል ሞተ አሉ! አይፈረድበትም! ሠላሳ አምስት ዓመት ይሄን አፍ ከሰማ በኋላ ሲኦል ማረፊያው ነው!»

አዳራሹ «ውይ!» ይላል። ሉተር እጁን ሰንዝሮ ኮፍያዬን ይመነጭቅና ሰጋቱራውና እበቱ ላይ ይጥለዋል። በዚያ በታመመ እግሩ ይቆምበታል። ፊቱ በሕመም እስኪጠቁር ተረከዙን ያሽከረክርበታል።

ያኔ ጣሪያው የሚገነጠል ይመስላል። ካናቴራ የለበሰው የቢራ ብርጭቆውን ይወረውራል። ሮንዳ፣ አሁን ስታጨበጭብ የነበረችው ልጄ፣ ወንበር ላይ ወጥታ የአንገቷ ሥር ተገታትሮ «አንተ አውሬ! አንተ ርኩስ! ጥፋ ከዚህ!» ትላለች። እኔም ድምፄ እስኪዘጋ እሰድበዋለሁ። ሉተር ፕራት የኦቾሎኒ ዝናብ እየወረደበት፣ ጎደሎ ጥርሱን እያሳየ፣ እያነከሰ ይወጣል። አንድ ሰው እንኳ አያጨበጭብለትም።

ሮንዳ እያለቀሰች ኮፍያውን ከመሬት ታነሳለች። ከቦርሳዋ ሶፍት ታወጣለች።

«አይዞሽ እማዬ፣ ቤት ስንገባ አጥብልሻለሁ።»

እጇን ቸብ አደርገዋለሁ። ከኮፍያው ጠርዝ ጀምሮ እስከ አናቱ የጫማ ተረከዝ ታትሞበታል። ምንም እንዳይረግፍ በሁለት እጄ ይዤው፣ በሰው መሃል በክርኔ መንገድ እየከፈትኩ ወደ መኪናው እሄዳለሁ።