የሩአች ቤቶች

ድንኳን የጫነው አይሱዙ የእርዳታ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። አቶ መልአኩ በመስኮት ብቅ ብለው ደግመው ተጣሩ። «ፍርዶስ፣ ወረቀቱስ? ዳመናውን አታዪውም እንዴ?»

«ደረሰ ጋሼ፣ ደረሰ!»

የድንኳን ተረካቢዎች ስም ያለበት ወረቀትማ ከታተመ ቆይቷል፤ እሷ ናት አልሰጥ ብላ የያዘችው። ቁጥሩ አንሶባታል። ባሮ ሞልቶ ከቤታቸው ያወጣቸው ሰዎች እንዲያ በዝተው፣ ድንኳን ለሚደርሳቸው ቤቶች የአንድ መኪና ጭነት እንዴት ይበቃል? አለቃዋ አቶ መልአኩ ይህን ሲሰሙ «ተመስገን!» ብለዋል። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል።

ሥራዋ እንዲህ ነው። መዝጋቢዎች በስልክ የሞሉት መረጃ ኤክስኤምኤል በሚባል የኮምፒውተር ፋይል ይመጣላታል፣ የሁሉም ሰው ተደበላልቆ። እሷ የጻፈችው ስታይልሺት፣ ማሽኑ የሚከተለው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ያንን በቀበሌ፣ ቀጥሎ በቤተሰብ ይቧድነዋል፤ ከየቤተሰቡም ድንኳን የሚረከብ አንድ ሰው ይመርጣል። ማሽን እንደሆነ ያሉትን ነው የሚያደርገው፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

በሩ ተከፈተና ኛጋይ ገባች። ውሃው ዳር ድረስ ሄዳ ሰዎቹን ስትመዘግብ የሰነበተችው እሷ ናት፤ ቦቲዋ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሩአች የሚለው ስም ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ የሩአች የትኛው ቤት ነው?»

«የትኛው ማለት?»

«ሦስት ሚስት አለው እኮ። እኛ ጋ ሚስት ሁሉ የራሷ ቤት አላት፣ የራሷ እሳት። ሦስት ቤት ብዬ ነው የመዘገብኩት።» ጣቷን ከስሙ ላይ ሳታነሳ ቀጠለች። «ሦስተኛዋ ኛሙች ናት። ታናሽ እህቴ።»

ፍርዶስ ክው አለች። ቤተሰቡን የቧደነችው በአባወራ ስም ነበር! ስሙ አንድ ከሆነ ቤቱም አንድ ነው ብላ። ማሽኑም ሦስቱን ደርቦ፣ የመጀመሪያዋን አንስቶ ሌሎቹን ጥሏቸዋል። የሩአች ብቻ መሰላችሁ? ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ሁሉ! ይህን ሌላ ሰው ቢሳሳተው አንድ ነገር ነው። እሷ አቦቦ ሰፈራ ጣቢያ ስታድግ እናቷ ዘሃራ ሁለተኛ ሚስት አልነበረችም? የእርዳታው ስንዴ በአባቷ ስም ወጥቶ ትልቋ ሚስት ቤት ሲገባ፣ እናቷ ሳህን ይዛ እዚያ ደጅ ስትቆም አላየችም?

«ያ ረቢ፣ ምን ነካኝ!» አለች ጮክ ብላ።

መቧደኛውን ከአባወራው ስም አንስታ በእናትየዋ መለያ ቁጥር ተካችው። አንዲት መስመር ናት፤ ግን ደጋግማ ሳተችው። አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ ሩአች ስር ሦስት ሴቶች ተሰለፉ፤ ኛሙችም አለችበት። ዝርዝሩ ግን ረዘመ፣ በጣም ረዘመ።

አቶ መልአኩ ገብተው አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ልክ ነሽ ልጄ። ድንኳኑ ግን በወረቀት አይበዛም። ሌላ ጭነት መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ መንገዱም ዛሬ ነገ ይቆረጣል። ማን ይቅደም? እናንተው ወስኑና ቶሎ በሉ።»

ፍርዶስ ኛጋይን አየቻት። እህቴን አትርሺብኝ ብትላት፣ ወላሂ፣ ኛሙችን በእጇ ትጨምራት ነበር። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ልመናውን ጠበቀች።

«ሕፃን ያላት ትቅደም» አለች ኛጋይ። «ከአምስት ዓመት በታች።»

ፍርዶስ መምረጫውን እንደተባለችው ጻፈችው። ዝርዝሩ አጠረ። ሩአች ስር ሁለት ስም ብቻ ቀረ። ደንግጣ ወደ ዋናው ፋይል ተመለሰችና የኛሙችን ቤት ፈለገች፤ አንድ ወንድ ልጅ፣ ዕድሜው ስድስት።

«ኛጋይ… የእህትሽ ልጅ እኮ…»

«አውቃለሁ። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ አነሳች፤ ዝናብ እንዳይነካው ሸሚዟ ውስጥ ከተተችና ወደ መኪናው ወጣች።