ምድጃው ውስጥ የገቡት ሜርል

የሜርል እግሮች ከዳቦ ምድጃው አፍ ወጥተው ይወዛወዛሉ። የቀረው የሰማንያ አንድ ዓመት ገላቸው ውስጥ ነው።

«ወይዘሮ ሜርል፣ ይውጡ እንጂ! ስድስት ሰዓት ላይ አፍራሹ ማሽን ይመጣል» ይላል አለቃዬ ክላሪ፣ ቆቡን እየጠመዘዘ።

«ይምጣ! አንተ ክላሪ፣ ጥርስ ያበቀልከው በዚህ ምድጃ ዳቦ አይደለም?»

ክላሪ ወደ እኔ ይዞራል። «አንተ ወሬኛ፣ አንድ ነገር በላቸው።»

እኔ ከአምስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ። ግን የመጠጥ ቤታችን ሽንት ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሚስማር ተሰቅሎ ነበር። ሰዉ ከኋላ እየቀደደ፣ እኔ ከፊት እያነበብኩ፣ «አር» ፊደል ላይ ተገናኘን።

«ሜርል» እላለሁ አንገቴን ወደ ምድጃው አስግጌ፣ «ዳቦ ቤቱ ይፍረስ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ‹ሬዝ› ነው የሚለው። ዛሬ ከመሬት ደባልቁት ማለት ነው፤ በጥንቱ ላቲን ግን መፋቅ ነበር። ሬዘር የምንለው ምላጭም የዚያው ዘር ነው። የሮም ወታደር ጢሙን ሳይላጭ ከተማ አያፈርስም ነበር፣ እናቴን!»

«ቀጣፊ!» ይላሉ ከውስጥ። «መፋቁን ግን ወድጄዋለሁ።»

ከጨለማው እጃቸው ብቅ ይላል። ጡብ ይዟል፤ ንጹሕ ጡብ። ለካ እልህ ብቻ አይደለም ያስገባቸው፤ በሊጥ መፋቂያቸው ጡቦቹን ያያያዘውን ኖራ ሲፍቁ ነው ያረፈዱት። የድሮ ኖራ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፤ እንደ ሲሚንቶ አይከራከርም።

«አራት መቶ ጡብ ያስፈልገኛል። ልጄ ጓሮዋ ውስጥ ለአዲስ ምድጃ መሠረት አስቆፍራለች። ማሽናችሁ ከነካው የሚተርፈኝ አቧራ ነው።»

ክላሪ ጡቡን ይገለብጠዋል። የአውራ ጣት አሻራ አለበት፤ ድሮ በመርከብ ወደዚህ ወደ ታዝማኒያ የተጋዘ እስረኛ እርጥቡን ጭቃ ሲያነሳ የተወው። ክላሪ የራሱን አውራ ጣት ያስገባበታል። ልክክ ይላል። ስልኩን ያወጣል።

«ኬቭ? ማሽኑን ነገ አምጣው… ለምን? ዛሬ ጢም እንላጫለን።»

ጓንቱን አጥልቆ መዶሻ ያቀብለኛል። ሜርል ሁለተኛውን ጡብ ይሰጡኛል። ምድጃው እሳት ካየ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጡቡ ግን መዳፌን ያሞቀኛል። ባወራው ማን ያምነኛል? ለክላሪ አቀብለዋለሁ።

ጓንቱን አውልቆ ይቀበለኛል። እንደ ትኩስ ዳቦ፣ ከአንዱ መዳፉ ወደ ሌላው ያገላብጠዋል።