የማይገጥሙ ጫፎች

ሁለቱ ተንሳፋፊ የነዳጅ ማገጃ አጥሮች አይገጥሙም። የእኛው ጫፍ መንጠቆ ነው፤ ከጎረቤት አገር በጀልባ የመጣው ደግሞ በብሎን የሚታሰር። ከተሰነጠቀችው መርከብ የፈሰሰው ድፍድፍ ነዳጅ በመካከላቸው እያለፈ ወደ ከተማችን ወደ አቃባ ይመጣል።

ሰባት ዓመት ከጎረቤቶቻችን ጋር ልምምድ አድርገናል። እነሱ በባንዲራቸው ሥር የራሳቸውን አጥር ይዘረጋሉ፣ እኛም በእኛው ሥር የእኛን፤ ካሜራው ሁለቱንም እኩል እንዲያሳይ። ከዚያ ምሳ ነው። ሩዙ ላይ የሚቀመጠው የበግ ጭንቅላት ፊቱን ወደ የትኛው ልዑክ ያዙር የሚለው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ጫፍ ከጫፍ ለማጋጠም የሞከረ ግን የለም።

የጀልባችን አዛዥ አቡ ሽሃብ ጫፎቹን በገመድ ማሰሩን፣ ነገር ግን ምንም እንዳልረዳ ወደ ቢሯችን በሬዲዮ ይናገራል። ቀጥሎ፣ «ሰባት ዓመት ሙሉ ስትሳሳሙ አንዳችሁ እንኳ ጫፉን አላያችሁም?» ይላል።

እኔም አላየሁም። የአራቱን ልምምዶች ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «የተሳካ» የሚለውን ቃል ጭምር።

የከተማው የመጠጥ ውሃ ከባሕር የሚሳብበት ቱቦ ከአጥሮቹ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ድፍድፉ እዚያ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይቀረዋል። ከገባ የጨው ማጣሪያው ጣቢያ ለወራት ይቆማል። አሁን ከተዘጋ፣ በማጠራቀሚያው ያለው ውሃ ባሕሩ እስኪጸዳ ሦስት ቀን ያደርሰናል። ይዘጋ ብሎ የሚፈርመው አለቃችን ዶክተር ጋሊብ ነው።

እሱ ከጎረቤት አቻው ጋር በስልክ የጋራ መግለጫ እያረመ ነው። «ሙሉ ቅንጅት» ይባል ወይስ «የላቀ ቅንጅት»? የመዝጊያውን ትእዛዝ ፊቱ አስቀምጣለሁ። ሳያየው በመዳፉ ይገፋዋል።

«ቱቦውን ከዘጋን አጥሩ አልሠራም ብለን መሰከርን ማለት ነው፣ ልጄ» ይለኛል፣ ስልኩን በእጁ ከድኖ። «እንግዶቻችንን እናሳፍራለን። መጀመሪያ መግለጫው ይውጣ።»

«አልሠራማ፣ ዶክተር።»

«ቁጭ በይ እስቲ። ሻይ ይምጣልሽ።»

በጠረጴዛው ስልክ ለጣቢያው ተረኛ ለሐዚም እደውላለሁ። ማን እንደፈረመ ይጠይቀኛል። ስሜን እስከ አያቴ ነግሬው፣ ጻፈው እለዋለሁ።

«ያባርሩሻል እኮ» ይላል።

«ዝጋው።»

ፓምፖቹ አንድ በአንድ ጸጥ ሲሉ በስልኩ ውስጥ እሰማለሁ።

ዶክተር ጋሊብ ቀና ብሎ ምን እንዳደረግሁ ሊጠይቀኝ አፉን ይከፍታል። ከስልኩ ወዲያ ያለው አቻው ግን ይጠራዋል፤ «የላቀ» በሚለው ተስማምተዋል። አቻውን ይቅርታ ጠይቆ መግለጫውን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ይጀምራል።

የመግቢያ ባጄን ጠረጴዛው ላይ ትቼ እወጣለሁ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ በሩን እዘጋበታለሁ።